ልጁን ማን ላከው?

ሰሞኑን ዳቦ ልገዛ ሰፈራችን ሱቅ በር ላይ ቆሜ ሳለ፣ አሥር ዓመት የማይሞላው የጎረቤት ልጅ እየሮጠ መጣና ብሩን ዘርግቶ «ሁለት ፍሬ ሲጋራ ስጠኝ» አለ። ባለሱቁ «ለማን ነው?» ሳይል ቆጥሮ ሰጠው። እኔም አልጠየቅኩም። ልጁ እንዳይሰበርበት በመዳፉ አቅፎት ወደ ቤቱ ሮጠ። ዳቦዬን ይዤ ስመለስ ያንገበገበኝ የገዛ ዝምታዬ ነበር።

ሕግ አጥተን አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው ሲጋራም ሆነ አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። ግን ተቆጣጣሪ በየሱቁ ደጃፍ ሊቆም አይችልም፤ ውሎ አድሮ እዚያ የሚቆመው ጎረቤት ነው። የላከው አባት፣ የሸጠው ነጋዴ፣ አይተን ያለፍነው እኛ፣ ሁላችንም የአንድ እድር አባላት ነን።

ልጅ ሱስን የሚለምደው ከባዕድ ሰው እየመሰለን እንሳሳታለን። በርጫው ላይ ውኃ ሲያቀብል፣ ለአጎቱ ቢራ ሲያመጣ፣ ሲጋራ ሲላላክ ነገሩ የቤት ወግ ይሆንበታል። ኋላ ጓደኛው «ሞክር» ሲለው ምን ብሎ እምቢ ይበል?

ይህን መለወጥ ግን ይቻላል። በአይስላንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆናቸው ልጆች 42 በመቶው ባለፈው ወር ሰክረው እንደነበር ተናግረው ነበር። በ2016 ቁጥሩ 5 በመቶ ደረሰ። መንግሥት ሕጉን አጠበቀ፤ ለልጆች ስፖርትና ሙዚቃም ድጎማ መደበ። ወላጆች ደግሞ በየትምህርት ቤቱ ተሰብስበው የጋራ ውል ተፈራረሙ፤ ማታ ማታም ተራ ገብተው ሰፈራቸውን ዞሩ። ድጎማው ገንዘብ ይጠይቃል። መሰብሰቡና መስማማቱ ግን እኛ ዘንድ በየወሩ ያለ ነገር ነው።

እድራችን ለቀብር ድንኳን ሲተክል አንድም ሰው አይጎድልም። እስቲ በሕይወት ላሉ ልጆቻችንም አንድ ስብሰባ እንስጥ። ልጅ ለሲጋራ፣ ለጫት፣ ለመጠጥ እንዳይላክ እንወስን። የሰፈሩን ባለሱቆች ጠርተን ቃል እናስገባ፤ ልጅ ሲመልሱም አብረናቸው እንቁም። ከመዋጮው ቀንሰን ኳስና መረብ እንግዛ። ልጅ በሱስ የተያዘበትን ቤት ከማማት ይልቅ እናትየውን ይዘን ጤና ጣቢያ እንሂድ።

ትናንት ማምሻውን የልጁን አባት ቡና ጠርቼ ያየሁትን ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ቆየና «ሮጦ ስለሚመጣልኝ ነው እንጂ አስቤው አላውቅም» አለኝ። እኔም አስቤው አላውቅም ነበር። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ነገሩን አብረን ልናነሳው ተስማምተናል።