መድን የገባ መኪናና የዛሬው ዋጋ

ከወላይታ ሶዶ በሆሳዕና ወይም በሻሸመኔ በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ በደቡብም ወደ አርባ ምንጭ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ለብዙ ነጋዴዎቻችን ከሱቃቸው የሚበልጥ ሀብት ነው። ይህ ሀብት በአንድ ግጭት ከጥቅም ውጭ ሲሆን ባለቤቱ «መድን አለኝ» ብሎ ይጽናናል። ነገር ግን መድን መግባትና በበቂ ዋጋ መድን መግባት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በመጀመሪያ፣ በአዋጅ የታዘዘው የሦስተኛ ወገን መድን የሚክሰው ሌላውን ተጎጂ እንጂ የባለቤቱን መኪና አይደለም። ለራስ ንብረት የተለየ ውል ያስፈልጋል። ለዚህ ውል የሚሠራው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ሲሆን፣ የመድኑን ክፍል የ2013ቱ አዲስ ሕግ አልሻረውም። በአንቀጽ 678 እንደተደነገገው የንብረት መድን የካሳ ውል ነው፤ ካሳውም ንብረቱ አደጋ በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። ስለሆነም ዋጋን አጋንኖ ማስጻፍ ትርፍ አረቦን ከመክፈል በቀር ፋይዳ የለውም።

አሳንሶ ማስጻፍ ግን ከዚህ የከፋ ነው። በውሉ የተለየ ነገር ካልተመለከተ፣ ለጎደለው ዋጋ ባለንብረቱ ራሱ የራሱ መድን ሰጪ ሆኖ ይቆጠራል። ለምሳሌ 4,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ2,000,000 ብር ተመዝግቦ የ600,000 ብር ጥገና ቢያስፈልገው፣ የሚከፈለው 300,000 ብር ነው። መኪናው ጨርሶ ቢወድም ደግሞ ከ2,000,000 ብር የሚበልጥ አይገኝም፤ በዚህም ገንዘብ ተመሳሳይ መኪና አይገዛም።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስበን በቂ ምክንያት አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር አልፏል። መኪናና መለዋወጫ ከውጭ የሚመጡ ናቸውና ከዚያ በፊት የተጻፈውን ዋጋ ሳይነካ ውሉን በየዓመቱ የሚያድስ ነጋዴ የንብረቱን ከፊል ያለ መድን እያሽከረከረ ነው።

አደጋ የደረሰበት ሰው ለፖሊስ ወዲያው ያመልክት፤ ለመድን ሰጪውም አደጋውን ባወቀ በ5 ቀን ውስጥ ያስታውቅ። የመኪናውን ቅሪት ለራሱ ለማስቀረት ቢፈልግ ግምቱ ከካሳው እንደሚቀነስ፣ መኪናው የባንክ መያዣ ከሆነም ባንኩ ቅድሚያ እንደሚኖረው አይዘንጋ።

መድን ሰጪዎችም በእድሳት ጊዜ አረቦን ተቀብሎ ከመሸኘት ይልቅ «የመኪናዎ የዛሬ ዋጋ ስንት ነው?» ብለው መጠየቅ ይገባቸዋል። በማይበቃ ውል ደንበኛን ማሰናበት ለእነርሱም ስም አይበጅም። ይሁን እንጂ ጉዳቱ የሚደርሰው በባለንብረቱ ላይ ነውና ጥያቄውን አስቀድሞ ማንሳት የእርሱ ፈንታ ነው። አባቶች «አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። እያንዳንዱ ነጋዴ የመድን ውሉን ዛሬውኑ አውጥቶ የተጻፈውን ዋጋ ከገበያው ጋር እንዲያስተያይ አደራ እንላለን።