ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አቶሚክ ሲጥሉ

መብራት ጠፍቶ ኔትወርኩም ተከትሎት ሲሄድ፣ ቦኖሻ ውስጥ ስልክ ላይ የሚሠራ ነገር ብዙ አይተርፍም። ከሚተርፉት አንዱ «አንሲቭ» ነው። ሲቪላይዜሽን 5 የተባለውን ታዋቂ የስትራቴጂ ጨዋታ አስመስሎ የተሠራ፣ ነፃ የሆነ፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ ርካሽ ስልክ ላይም የሚሄድ ጨዋታ ነው። ትምህርት ያደረሰው ወጣት ሆሳዕና ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ዋናውን በጓደኛ ላፕቶፕ ያገኘዋል። እንደ ገበጣ ተራ በተራ ነው የሚጫወቱት። እያንዳንዱ ሰው አንድ አገር ይዞ ከጥንት ዘመን ተነስቶ እስከ ሮኬት ያደርሳታል። ኢትዮጵያን የያዘ ሰው መሪው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ዩራኒየም የተገኘ ዕለትም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አቶሚክ ቦምብ ይሠራሉ፤ ይጥላሉም።

የት ይጥላሉ? ከተማ ላይ። እዚህ ላይ የብዙ ተጫዋች ምክር አንድ ነው፦ ማንሃተን ፕሮጀክትን ጨርስ፣ ቦምቡን አብዛ፣ ከትልቁ ከተማ ጀምረህ ልቀቅ። ምክሩ መጥፎ ነው። የሥነ ምግባሩ ነገር ቀስ ብሎ ይምጣ፤ በራሱ በጨዋታው ሕግ ብቻ ቢመዘን እንኳ መጥፎ ነው።

ምክንያቱም ቦምብ ከተማ አይዝም። የከተማውን መከላከያ ያደክማል፣ ሕዝቡን ይቀንሳል፣ በሁለት ቤት ርቀት ያለውን ጦር ሁሉ ይመታል፤ የራስህም ጦር እዚያ ካለ አይምርም። ከዚያ በኋላ ግን በእግሩ ወይም በታንክ የሚገባ ከሌለ ከተማው የጠላት እንደሆነ ይቀጥላል። ስንቱ ነው አራት ቦምብ ጥሎ፣ ታንኩ አምስት ተራ ርቆ የቀረበት! ጠላት በነዚያ አምስት ተራዎች ወታደር ገዝቶ፣ ግንቡን ጠግኖ ይጠብቀዋል። ሌላው ደግሞ ቦምቦቹን ድንበር ላይ ባለ ከተማ ደርድሮ ያስቀምጣል። ቦምቡ 10 ቤት ድረስ ይደርሳል፤ ወደ ኋላ ማስቀመጥ ሲቻል ድንበር ላይ ምን አስቀመጠው? ከተማዋ በአንድ ጀንበር ስትያዝ ቦምቦቹም አብረው ይጠፋሉ።

ዋናው ስህተት ግን ኢትዮጵያን በያዘ ሰው ላይ የሚታየው ነው። በጨዋታው ለኢትዮጵያ የተሰጣት ልዩ ችሎታ «የዓድዋ መንፈስ» ይባላል። ከእርስዋ የበለጠ ከተማ ካለው አገር ጋር ስትዋጋ ጦርዋ 20 በመቶ ይበረታል። ጥቂት ከተማ ይዞ፣ ትልቁን ጠብቆ መምታት ነው ስሌቱ። ልዩ ጦርዋ መሀል ሰፋሪም ወደ ዋና ከተማው በቀረበ ቁጥር ይበረታል። እንግዲህ ቦምብ አፍቃሪው ምን ያደርጋል? ከተሞቹን በአቶሚክ ያደክማል፣ አንድ በአንድም ይይዛል። የእርሱ ከተማ ሲበዛ፣ የጠላት ሲያንስ፣ 20 በመቶው ይሄዳል። ዓድዋን በገዛ እጁ አፈረሰ ማለት ነው። ይህን ያደረገ ሰው ቁጭ ብሎ «ኢትዮጵያ ደካማ አገር ናት» ይላል።

በአግባቡ የሚጠቀም እንዴት ይጠቀማል? ከተማ ላይ ሳይሆን ከከተማ ውጭ በተሰበሰበ ጦር ላይ። ጠላት ታንኩንና መድፉን አንድ ሸለቆ ውስጥ ያጎረበትን ተራ ይጠብቃል፤ አንድ ቦምብ፣ ቢበዛ ሁለት። የራሱን ፈጣን ጦር ከፍንዳታው አንድ ቤት ብቻ አርቆ አዘጋጅቶ፣ በዚያው ተራ ይገባል። ከተማ መምታት የግድ ከሆነም ዋና ከተማ ብቻ፤ እርሱም የሚገባ ጦር በር ላይ ቆሞ። የተቀረውን ቦምብ ጎተራ ውስጥ እንዳለ ይተወዋል። የተመረዘ መሬት ምግብም ምርትም አይሰጥም፤ ሠራተኛ ልኮ ማጽዳት ተራ ይበላል። ቢላቴ ሞልቶ የቦዮን ዙሪያ ሲያጥለቀልቅ «ማሳ አለኝ» ማለት ምን እንደሆነ የሻሾጎ ገበሬ ያውቃል። መሬቱ ያንተ ነው፣ በቆሎው የለም።

«ጨዋታ ነው፣ ምን ያካብዳችኋል?» የሚል ይኖራል። ጨዋታ ሆኖ ቢቀር መልካም ነበር። የዓባይ ወይም የቀይ ባሕር ወሬ በጋለ ቁጥር ግን ከየፌስቡኩ ሥር «እኛም አቶሚክ ቢኖረን ማን ይነካን ነበር» የሚል አይጠፋም። ይህ ከላይ ያየነው ከተማ ላይ ልቀቅ የሚለው ተጫዋች ነው፤ ጨዋታውን ዘግቶ ወጥቷል፣ ሐሳቡን ግን አልዘጋም። በሌላ በኩል ደግሞ ስልኩን ቀምተው «ልጁን አበላሸው» የሚሉ ወላጆች አሉ። ልጁን ያበላሸው ጨዋታው አይደለም። ጨዋታውማ በትዕግሥት ለተጫወተው ቦምብ ብቻውን እንደማያሸንፍ በየተራው ያሳየዋል። የጎደለው ከጨዋታው ውጭ ያለው ነው፤ በዚያ ስም የሚጠሩት ንጉሥና አገራቸው በዚህ መሣሪያ ጉዳይ ምን እንዳደረጉ የነገረው የለም።

ከሰማይ የሚወርድ መርዝን ኢትዮጵያውያን በካርታ ላይ አይደለም ያወቁት። በ1928 ዓ.ም የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በሰሜኑ ግንባር የመርዝ ጋዝ አዘነቡ፤ ኢጣሊያ ይህንኑ የሚከለክለውን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማ ነበር። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ድርጊቱን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ 60 ዓመት መሆኑ ነው። ስትራቴጂ ወዳዱም እዚህ የሚያየው አለ። ጋዙ ብቻውን አዲስ አበባ አልገባም። ከኋላው የባዶሊዮ እግረኛ፣ መድፍና መንገድ ሠራተኛ ነበር። እንደዚያም ሆኖ የተያዘው አገር አልተያዘም፤ አርበኛው ጫካ ገባ፣ በ1933 ዓ.ም ንጉሡ ተመለሱ።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ቆመው ስለዚያ መርዝ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ተናገሩ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። የሚቀጥለውን ግን ከመቶ አንድ የሚያውቀው አይገኝም። ከ25 ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ቁጥር 1653ን አጸደቀ። የኑክሌር መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስ፣ በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚል መግለጫ ነው። በሥልጣኔ ላይ! ሲቪላይዜሽን የተባለው ጨዋታ ስሙን የወሰደበት ያው ቃል። 55 አገሮች ደገፉት፣ 20 ተቃወሙት፣ 26 ድምፅ ተአቅቦ አደረጉ። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነበሩ። የውሳኔ ሐሳቡን ይዛ ከፊት የተሰለፈችው ኢትዮጵያ ናት፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት።

ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ጋንዲን አቶሚክ ወዳድ አድርገው መቀለዳቸውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ ሲቪላይዜሽን 5 ላይ ሆን ብለው ነው የኑክሌር ፍላጎቱን ጣሪያ ያደረሱት። ሁሉም የሚስቀው ጋንዲ ማን እንደነበሩ ስለሚያውቅ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቦምብ ሲጥሉ ግን የሚስቅ የለም፣ የሚገረምም የለም። የአገሬው ተጫዋች ሳይቀር።

በኮምፒውተሩ ስሪት፣ «ብሬቭ ኒው ወርልድ» በተባለው ማስፋፊያ፣ የዓለም ኮንግረስ አለ። እዚያ ከሚቀርቡት ውሳኔዎች አንዱ አዲስ የኑክሌር መሣሪያ መሥራትን ይከለክላል፤ ቀድሞ የተሠራውን ግን አይነካም። ብልጡ ተጫዋች የራሱን ቦምብ ጨርሶ በማግሥቱ እገዳውን ያቀርባል። ብልሃቱ ከወዴት እንደተቀዳ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ለፊርማ የቀረበው የኑክሌር ስርጭት እገዳ ስምምነትም አምስቱን ባለቦምብ አገሮች ባለቦምብ እንደሆኑ አስቀምጦ፣ ሌላው እንዳይሠራ ነው ያለው። ኢትዮጵያ ያንንም ፈርማለች፤ አንድም ቦምብ ሳይኖራት።

ሆሳዕና ውስጥ በጓደኛው ላፕቶፕ ኢትዮጵያን ይዞ የሚጫወተው ልጅ ግን ኮንግረሱ ሲሰበሰብ ድምፁን በሙሉ የሚያፈሰው «ተቃውሞ» ላይ ነው። ማንሃተን ሊያልቅ አራት ተራ ቀርቶታላ።