«አገኘ» ያልነው መሬት

በጥያቄና መልስ ውድድር «አውስትራሊያን ማን አገኘ?» ሲባል «ካፒቴን ጄምስ ኩክ» ያለ ነጥብ ይሰጠዋል። ደቹ ቪለም ያንሶን በ1606 እ.ኤ.አ. የአህጉሩን ሰሜናዊ ዳርቻ ረግጧል፤ ኩክ የደረሰው ከ164 ዓመት በኋላ ነው። የአገሬው ሕዝብማ ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ኖሮበታል። ጠቤ ግን ከቀዳሚነቱ ይልቅ ከቃሉ ጋር ነው። «አገኘሁ» የሚባለው ለጠፋ ወይም ባለቤት ለሌለው ነገር ነው። ይህ ቃል ደግሞ መሬት አስነጥቋል።

ኤፕሪል 29 ቀን 1770 ኩክ ዛሬ ቦታኒ ቤይ በሚባለው ወሽመጥ ሊወርድ ሲል ሁለት የአካባቢው የግዊጋል ጎሳ ሰዎች ጦር ይዘው ባሕሩ ዳር ቆሙበት። ሁለት ብቻ! ኩክ ተኮሰ፤ አንዱ ቆሰለ። ደጃፉ ላይ ቆሞ «አትግባ» የሚል ሰው ያለበት ቤት ባዶ ነበር ይባላል? ኦገስት 22 ቀን ግን ያው ኩክ ምሥራቁን ዳርቻ በሙሉ የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ነው ብሎ ባንዲራ ሰቀለ።

«ሰውን በዘመኑ ሚዛን እንመዝነው» የሚሉ አሉ። ይሁን፣ እንመዝነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1768 ለኩክ የሰጠው ምስጢራዊ ትእዛዝ ምቹ ስፍራዎችን በነዋሪዎቹ ፈቃድ እንዲይዝ፣ አገሩ ሰው አልባ ከሆነ ግን በንጉሡ ስም እንዲይዘው ይላል። ፈቃድ የሰጠው ማንም የለም። ስለዚህ የራሱ ዘመን፣ የራሱ አለቆች ሚዛን ነው የጣለው።

«መሬቱን አላለሙትም» የሚለውም አያዋጣም። በቡጅ ቢም የጉንዲችማራ ሕዝብ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቦይ ሠርቶ እባብ መሰሉን ዓሣ ማርባት ከጀመረ 6,600 ዓመት ያህል ሆኖታል።

ጃንዋሪ 26 ቀን 1788 አርተር ፊሊፕ እስረኞች የጫኑ መርከቦችን ይዞ ሲድኒ ሰፈረ፤ ውል የተዋዋለው ከማንም ጋር አልነበረም። በዓመቱ ፈንጣጣ በአካባቢው ያሉትን ነዋሪዎች ፈጀ። ፊሊፕ የሰፈረበት ቀን ዛሬም የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ነው።

መሬቱ ባለቤት አልነበረውም የሚለውን ሐሰት የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሻረው ጁን 3 ቀን 1992 ነው። ክሱን ለአሥር ዓመት የተሟገተው የመር ደሴት ተወላጅ ኤዲ ማቦ ፍርዱን አልሰማም፤ በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ሞቶ ነበር።