ስለ ቆሙ ስኩተሮችና ሞተር ሳይክሎች ጥበቃ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለከተማው የትራንስፖርት ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በየመንገዱ ዳር የሚቆሙ ስኩተሮችና ሞተር ሳይክሎች ከስርቆት የሚጠበቁበትን ሥርዐት ስለ ማሳሰብ

ክብርት ከንቲባ ሆይ፤ ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች ሆይ፤

ይህ ቃል ከአንድ ተራ ነዋሪ የመጣ ቢሆንም፣ የሚናገረው በዚህች ታላቅ ከተማ ጎዳናዎች ላይ በሁለት ጎማ እየተመላለሱ የዕለት እንጀራቸውን ስለሚያገኙ፣ ምግብና መድኃኒት፣ ሰነድና ዕቃ ከደጃችን ስለሚያደርሱልን፣ ማልደውም ወደ ሥራቸው ስለሚገሠግሡ ብዙ ሰዎች ጥሪት ነውና፣ በትዕግሥት እንዲነበብልኝ እለምናለሁ። ልመናዬም በአጭሩ ሲነገር ይህ ነው፦ ሰንሰለትና ጓጉንቸር መግዛት የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ ሰንሰለቱ የሚታሰርበትን ብረት በመሬት ውስጥ መትከል ግን መንገዱን ከሚያስተዳድረው ከከተማው በቀር ማንም ሊፈጽመው የማይችል ሥራ ስለሆነ፣ ከተማችን ይህን የራሷን ድርሻ እንድትፈጽም ነው።

ነገሩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ሊታሰብበት የሚገባበት ምክንያት አለ። ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መጓጓዣ ሁሉ በሕዝቡ ዘንድ ተፈላጊ ሆኗል፤ ከእነዚህም መካከል ዋጋው ከመኪና ይልቅ ለመካከለኛ ነዋሪ አቅም የሚቀርበው፣ ጠባብ መንገድ የማያግደው፣ በቤት ውስጥ ካለ ሶኬት ኀይሉን የሚሞላው ባለ ሁለት ጎማው ነው። ከዚህም በቀር መንገዶቻችን በኮሪደር ልማቱ እየሰፉ፣ የእግረኛና የብስክሌት መሄጃ እየተለየላቸው፣ አዲስ ንጣፍ እየተነጠፈላቸው ይገኛሉ። ንጣፉ በሚሠራበት ሰዓት የብረት ማሰሪያ አብሮ መትከል ጥቂት ወጪ ብቻ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ያንኑ የተዋበ ድንጋይ ዳግመኛ መንቀልን የሚያስገድድ ስለሆነ፣ ለዚህ ምክር የተመቸው ጊዜ አሁን ነው ብዬ አምናለሁ።

ስኩተር ከሌላው ተሽከርካሪ ሁሉ ይልቅ በሌባ እጅ ለመውደቅ የቀለለ መሆኑ ከአሠራሩ የመጣ ነው። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 130 ኪሎ ስለሆነ፣ ሦስት ጐልማሶች ሞተሩን ሳያስነሡ፣ ቁልፉንም ሳይነኩ ብድግ አድርገው በፒክአፕ ላይ ሊጭኑት ይችላሉ። ከፋብሪካ አብሮት የሚመጣው የመሪ መቆለፊያ በውስጡ ያለው ብረት ቀጭን ስለሆነ፣ ጉልበት ያለው ሰው መሪውን ወደ ጎን አጥብቆ ቢገፋው ይሰበራል። በፍሬኑ ሳህን ላይ የሚገባው ትንሹ ቁልፍም ጎማው እንዳይዞር ይከለክላል እንጂ ሞተሩ ከመሬት እንዳይነሣ አይከለክልም። ሰንሰለትም ቢሆን የፊተኛውን ጎማ ከራሱ ጋር ብቻ አስሮ በመሬት ላይ የተጋደመ እንደ ሆነ፣ ሌባው የመቁረጫውን አንድ እጀታ በመሬት ላይ አስደግፎ በሌላው እጀታ ላይ በሙሉ ክብደቱ ይጫንበታልና፣ መሬቱ ራሱ ለአጥፊው ረዳት ይሆነዋል።

ስለዚህ በነገሩ የታወቁ ሰዎች የሚመክሩት፣ ውፍረቱ ቢያንስ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በእሳት የጠነከረ የብረት ሰንሰለት ተይዞ፣ በቀላሉ ከሚፈታው ከፊተኛው ጎማ ይልቅ በኋለኛው ጎማና በሻንሲው በኩል አልፎ፣ ከመሬት ከፍ ብሎና ተወጥሮ፣ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር እንዲታሰር ነው። ከእነዚህ ምክሮች ሁሉ የመጨረሻው ብቻ ከባለቤቱ አቅም በላይ ነው። የመብራት ምሰሶው ወፍራም ስለሆነ ሰንሰለቱ አይደርስበትም፤ ቢደርስበትም ሞተሩ የእግረኛውን መንገድ ይዘጋል፤ ዛፍ ላይ ቢያስረው ልጡን ይልጠዋል፤ የእግረኛውን ንጣፍ በራሱ እጅ ቆፍሮ ብረት ልትከል ቢል ደግሞ ሕግ ተላላፊ ይሆናል፤ ስለዚህም ጥሩ ሰንሰለት የገዛውም ያልገዛውም በአንድነት ለአደጋ ይጋለጣሉ።

የአንድ ጐረቤቴን ልጅ ነገር ለምስክርነት ላቅርብ። ይህ ወጣት ከዘመድ ተበድሮ፣ ከደመወዙም ቆጥቦ በገዛው ስኩተር ዕቃ የሚያደርስ ሲሆን፣ ከዕለታት አንድ ቀን የተላከበትን ጥቅል ለማድረስ ወደ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ፣ ሞተሩን ክፍያ በሚሰበሰብበት ማቆሚያ አቁሞ፣ መሪውን ቆልፎ፣ የፊት ጎማውን በሰንሰለት አስሮ፣ የማቆሚያውን ደረሰኝ ተቀብሎ ሄደ። በተመለሰ ጊዜ ያገኘው ሁለት ቦታ የተቆረጠ ሰንሰለት ብቻ ነበረ። የተቆረጠውን ሰንሰለት አንሥቼ አይቼዋለሁ፤ ብረቱ ከትንሽ ጣት የቀጠነ አልነበረም፤ በአንደኛው ጎኑ ግን የመንገዱ ድንጋይ የፋቀው ምልክት ነበረበት፤ ይኸውም በመሬት ላይ አስተኝተው እንደ ቈረጡት የሚመሰክር ነው። ደረሰኙን ይዞ ወደ ሰብሳቢው በሄደ ጊዜ፣ ክፍያው የቦታ እንጂ የጥበቃ አይደለም ተባለ። ወጣቱ ዛሬ ሞተር የለውም፤ ዕዳው ግን አለበት።

በአባቶቻችን ዘመን በበቅሎ የሚሄድ ሰው ከደጅ ሲደርስ ልጓሙንና መጫኛውን ይዞ ይመጣ ነበር እንጂ ካስማ ተሸክሞ አይዞርም ነበር፤ ካስማውን የሚተክለው የግቢው ባለቤት ነበረ፤ እንግዳው የሚያስርበት ያጣ እንደ ሆነም ነውሩ የባለ ግቢው ነበረ። ዛሬ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነውና፣ የጎዳናው ባለ ግቢ በሕዝብ ስም የሚያስተዳድረው ከተማው ነው።

ይህ ምክር በሌላው ዓለም ተሠርቶበት የታየ እንጂ ከእኔ አሳብ ብቻ የፈለቀ አይደለም። በለንደን ከተማ የስኩተር ስርቆት እጅግ በበዛበት በ2017 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ የከተማይቱ ፖሊስ ባለቤቶቹን ሞተራችሁን ቆልፉ፣ በሰንሰለት እሰሩ፣ በልብስ ሸፍኑ እያለ ይመክር ነበር፤ መሸፈኑም ሌባው የሞተሩን ዐይነትና የቁልፉን ሁኔታ በሩቅ እንዳይመረምር ስለሚያደርግ ነው። ነገር ግን ምክሩ ብቻውን አልተተወም፤ ዌስትሚንስተርን የመሰሉ የወረዳ ምክር ቤቶች በሞተር ማቆሚያ ሥፍራዎቻቸው ላይ የብረት ማሰሪያ ተክለዋል። በድህነት ከእኛ ጋር ብዙ ዘመን በተካከለችው በቬትናም ደግሞ፣ ሞተር የሚጠብቀው ሰው በኮርቻው ላይ በጠመኔ ቁጥር ይጽፋል፤ ያንኑ ቁጥር የያዘ ቁራጭ ወረቀትም ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ቁጥሩና ወረቀቱ ሳይመሳሰሉ ሞተር ከበሩ አይወጣም። ጠመኔና ወረቀት የሚያስወጣው ገንዘብ ምን ያህል ነው? ሥርዐት ግን በእነዚህ በሁለቱ ይቆማል።

ስለ ክፍያውም የማሳስበው ነገር አለኝ። በብዙ ጎዳናዎቻችን ላይ ተደራጅተው የማቆሚያ ክፍያ የሚሰበስቡት ወጣቶች ሐቀኛ ሥራ የሚሠሩ ወገኖቻችን ናቸውና በእነርሱ ላይ ነቀፌታ የለኝም፤ ነገር ግን የተቀበሉት ገንዘብ ምን ግዴታ እንደሚያስከትል በግልጽ ሊነገራቸውና በደረሰኙም ላይ ሊጻፍ ይገባል። ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 22 ለጠባቂ የተሰጠ ከብት ከእጁ ቢሰረቅ ጠባቂው ለባለቤቱ እንዲከፍል ያዝዛል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ስለ አደራ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ የሆቴል ባለቤት ስለ እንግዳው ዕቃ ያለበትንም ኃላፊነት ይደነግጋል። ይህ ሁሉ የሚያሳየው፣ የሰውን ንብረት በክፍያ ተቀብሎ ማቆየትና ኃላፊነት የለብኝም ማለት በአንድነት የማይሄዱ መሆናቸውን አበውም ሕግ አውጪዎችም አስቀድመው ያወቁት መሆኑን ነው። ጠባቂው ከዐቅሙ በላይ እንዲከፍል አልጠይቅም፤ ማሰሪያው በመሬት ተተክሎ፣ ቁጥሩ ተመዝግቦ፣ ሰዓቱ ተጽፎ እያለ ሞተር ቢጠፋ ግን፣ ጥፋቱ ከማን እንደ ሆነ ለመለየት ለዳኛ ይቀልለዋል።

ምናልባት ከመኪናና ከአውቶቡስ መጨናነቅ አጠገብ የስኩተር ነገር ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በከተማችን የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ እንዲገደብ የታዘዘው፣ ሞተር ለንጥቂያ መሣሪያ እየሆነ ነው በሚል ምክንያት እንደ ነበረ ይታወሳል። በለንደንም በሞተር የሚፈጸመው የስልክ ንጥቂያ ብዙ ጊዜ የተደረገው በተሰረቀ ስኩተር ነበረ፤ ነጣቂው በሌላ ሰው ሰሌዳ ስለሚሮጥ የሚታየው ቁጥር ወደ ንጹሑ ባለቤት ይመራልና። እንግዲህ የቆመውን ሞተር መጠበቅ የአንዱን ሰው ጥሪት ማዳን ብቻ ሳይሆን፣ በመንገድ የምትሄደውን እኅታችንን ከቦርሳዋ መነጠቅ ማዳን ነው። ከንጥቂያው በኋላ የሚደረገው ፍለጋ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው እንዳይሆን፣ ጥበቃው ከምንጩ ይጀምር።

የተሰረቀ ሞተርም ተፈታትቶ ካልተሸጠ ትርፉ ጥቂት ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው እንደ ሆነ ከሁሉ የሚከብረው ባትሪው ነው፤ ይህም በብዙዎቹ ላይ በእጅ የሚነቀል ስለሆነ ብቻውን ተሰርቆ ይሸጣል። የወንጀል ሕጋችን የተሰረቀ ንብረት መሸሸግን ይቀጣል፤ ሆኖም ገዢው የዕቃውን ምንጭ የሚጠይቅበት ሥርዐት ከሌለ ሕጉ በመጽሐፍ ብቻ ይቀራል። እንደ ሶማሌ ተራ ባሉት የመለዋወጫ ገበያዎች የሚሠሩት ሐቀኛ ነጋዴዎችም፣ ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ የሻጩን ማንነትና የሞተሩን ቁጥር መዝግበው ቢይዙ፣ ስማቸው ከሐሜት፣ ንግዳቸውም ከክስ ይድናል።

ስለዚህ የሚከተሉትን አራት ነገሮች በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፤ በሚሠሩትና በሚታደሱት ጎዳናዎች ላይ ለባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪዎች የሚሆን ማቆሚያ ተለይቶ፣ ንጣፉ ሲነጠፍ በአርማታ ውስጥ የተተከለ፣ ከመሬት እስከ ጉልበት ከፍ ያለ አግድም ብረት አብሮ እንዲሠራ፤ ሥፍራውም ጨለማ ከሆነ ጥግ ይልቅ መብራትና የሰው ዐይን በሚደርስበት እንዲመረጥ።

ሁለተኛ፤ 1,400 ያህል መኪና እንደሚይዘው እንደ መስቀል አደባባዩ የመሬት ሥር ማቆሚያ ባሉት ታላላቅ ሥፍራዎች ሁሉ፣ ለስኩተርና ለሞተር ሳይክል የሚበቃ ክፍል ከነማሰሪያው እንዲመደብ፤ ክፍያውም ሞተሩ በሚይዘው ጥቂት ቦታ ልክ እንዲሆን።

ሦስተኛ፤ የማቆሚያው ደረሰኝ የሰሌዳ ቁጥርና የገባበት ሰዓት የተጻፈበት፣ አንዱ ከባለቤቱ አንዱ ከጠባቂው ዘንድ የሚቀር ሆኖ፣ ሁለቱ ሳይመሳሰሉ ሞተር እንዳይለቀቅ፤ የጠባቂውም ኃላፊነት እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ በደረሰኙ ላይ በግልጽ አማርኛ እንዲጻፍ።

አራተኛ፤ የተሰረቁ ሞተሮች የሻንሲና የሞተር ቁጥር በአንድ መዝገብ ተሰብስቦ፣ ያገለገለ ሞተር ወይም መለዋወጫ የሚገዛ ሁሉ ሊብሬውን ከማየቱ ጋር ይህን መዝገብ ሊጠይቅ የሚችልበት መንገድ እንዲከፈት።

ባለቤቶችም የራሳቸው ግዴታ እንዳለባቸው አልዘነጋም። ለውድ ሞተር ርካሽ ሰንሰለት የሚገዛ፣ ለአንድ ደቂቃ ነው ብሎ ቁልፉን ሰክቶ የሚሄድ፣ የሻንሲ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ በቤቱ የማያስቀምጥ ሰው በከተማው ላይ ብቻ ሊፈርድ አይገባውም። ከተማው ብረቱን ሲተክል ግን ለእንዲህ ያለው ሰው ማመካኛ አይቀርለትም፤ ጥንቃቄ የሚያደርገውም ሰው ጥንቃቄው ከንቱ አይሆንበትም። ዛሬ ነቀፌታው ለቸልተኛው ብቻ ሊሆን ሲገባ በትጉሁም ላይ ስለሚወርድ፣ ይህ አድልዎ እንዲወገድ እለምናለሁ።

የጠየቅሁት ነገር ታላቅ በጀት የሚፈልግ አይደለም፤ ለጅማሬ በአንድ ሥራ በበዛበት ሠፈር፣ በፒያሳ ወይም በቦሌ ወይም በመገናኛ፣ በአንድ ጎዳና ላይ ተሞክሮ ፍሬው ቢመዘን ይበቃል። ለዚህ ደብዳቤ የሚሰጠው መልስ፣ እሺታም ቢሆን እንቢታ፣ ምክንያቱ ተገልጾ በአደባባይ እንዲነገር በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ በሞተሩ ጥሮ ግሮ የሚያድር ወጣት ከተማው ስለ እርሱ ምን እንዳሰበ ማወቅ ይገባዋልና።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ