ባል ካሜራ ሲይዝ

በብዙ ቤት አልበም ውስጥ ሠርግ አለ፣ ምርቃት አለ፣ ክርስትና አለ። እናት ልጇን በሆዷ ይዛ የቆመችበት ፎቶ ግን እምብዛም የለም። እርግዝና ከሰው ዓይን የሚጠበቅ ነገር ሆኖ በመኖሩ ካሜራም አብሮ ርቋል።

በሌላውም ዓለም ቢሆን ነገሩ ቀላል አልነበረም። በ1991 እ.ኤ.አ. ፎቶ አንሺዋ አኒ ሊቦቪትዝ የሰባት ወር ነፍሰ ጡሯን ተዋናይት ዴሚ ሙርን ለ“ቫኒቲ ፌር” መጽሔት ሽፋን ስታነሳ አሜሪካ ውስጥ ብዙ አነጋግሯል። በ2017 እ.ኤ.አ. ድምፃዊቷ ቢዮንሴ መንታ ማርገዟን ያበሰረችበትን ፎቶ ያነሳው ደግሞ ኢትዮጵያ ተወልዶ ኒውዮርክ ያደገው አወል እርዝቁ ነው።

ባል የሚያነሳው ፎቶ ግን ከባለሙያው የሚበልጥበት ነገር አለው። ወገቧን መቼ እንደሚያማት፣ ምን ሲባል ከልቧ እንደምትስቅ ያውቃል። “ቀና በይ፣ ሳቂ” እያለ ከሚያደርቃት ለልጁ ስላሰቡት ስም ቢያጫውታት ፊቷ ራሱ ይፈታል። ሰባተኛው ወር ጥሩ ነው፤ ሆዷ ጎልቷል፣ መንቀሳቀሱም ገና ብዙ አልከበዳትም።

ከሁሉ የሚቀድመው ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ትጠልቃለች፤ ለስላሳው የምሽት ብርሃን ቶሎ ያልፋል። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ ቦታ ይዞ መጠበቅ ያስፈልጋል። ፀሐይዋን ከጀርባዋ ሲያደርጋት የነጠላዋ ጥለት ያበራል፣ ፊቷ ግን ይጠቁራል። በሞባይል ከሆነ ስክሪኑ ላይ ፊቷን ነክቶ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ ሰማዩ ቢነጣም ይንጣ፣ የተፈለገችው እሷ ናት። በመስከረም ደግሞ አደይ አበባው መሀል ትንሽ ጎንበስ ብላ ከጎን ስትታይ የሆዷ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

እንጦጦ ፓርክ ያማረ ቦታ ነው፤ ከፍታው ግን 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። መኪናው የሚደርስበት አቅራቢያ ያለ ባሕር ዛፍ ይበቃል። ውኃና መቀመጫ መያዝ፣ ቶሎ ቶሎ ማሳረፍ። ሣር ላይ በጀርባዋ ማስተኛት ግን ፈጽሞ ይቅር፤ ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ማህፀኗ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ስለሚጫነው ሊያዞራት ይችላል።

ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይውጣ አይውጣ የምትወስነው እሷ ናት። “ሳይወለድ አይታይም” የሚሉ እናት ቤት ውስጥ ካሉም እስክትወልድ ቢቆይ ምንም አይጎድልበትም።