«ወሃቢያ» የምትሉት ማንን ነው?

ጅማ ውስጥ ሰው ለመፈረጅ ብዙ ድካም አያስፈልግም። ፂሙ ረዘም፣ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ካለ «ወሃቢያ» ነው። ሙስበሃ ይዞ መውሊድ ካከበረ ደግሞ «ሱፊ»። የቀረው ሂሳብ ቀላል ነው፤ አንደኛው አክራሪ፣ ሁለተኛው «የአባቶቻችን ሰላማዊ እስልምና»። ይህን ሂሳብ የምንሠራው ማኪያቶ እያማሰልን የምናወራ እኛ ብቻ ብንሆን ኖሮ ስንፍና ነው ብዬ በተውኩት። ግን በዚሁ ሂሳብ ሰው ታስሯል። እና ጎበዝ፣ ቢያንስ የምንሰድበውን እንወቅ!

ከሁሉ በፊት፣ እዚህ የሱኒና የሺዓ ጣጣ የለም ማለት ይቻላል። የጅማው፣ የአጋሮው፣ የሊሙው ሙስሊም ሱኒ ነው። ቁርዓኑ አንድ፣ ቂብላው አንድ፣ አምስት ወቅት ሶላቱም አንድ። ጠቡ ሌላ ጋ ነው። በአላህና በለማኙ መሀል ሌላ ሰው፣ ያውም የሞተ ሰው፣ ሊገባ ይችላል ወይ?

ቃዲሪያው ይችላል ይላል። የባግዳዱን የአብዱልቃድር አል ጀይላኒን (እ.ኤ.አ. በ1166 ያረፉትን) መንገድ የሚከተል ነው። ወልይ ከራማ አለው፤ ቀብሩ ዘንድ ሄዶ በእርሱ ደረጃ አላህን መለመን፣ ተወሱል የሚሉት፣ ነውር የለበትም። ልብ በሉ፣ የሚለመነው አሁንም አላህ ነው፤ ወልዩ አማላጅ ነው። ክርክሩ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህች ነጥብ ዙሪያ ነው።

ቲጃኒያው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። መሥራቹ አህመድ አል ቲጃኒ አልጄሪያ ተወልደው እ.ኤ.አ. በ1815 ፌዝ ላይ ያረፉ ሰው ናቸው። ነቢዩን በህልሜ ሳይሆን በውኔ አይቼ ዚክሩን ከእርሳቸው ተቀበልኩ ብለዋል። ይህን ያመነ ሰው ሌላ ምን ይፈልጋል? ስለዚህ ቲጃኒያ የገባ ሰው ሌላ ጠሪቃ አይደርብም፤ ከሌላ ጠሪቃ ወልይ ዘንድም ለዚያራ አይሄድም፤ ዚክሩንም ጠዋትና ማታ ሳያጓድል ማድረስ አለበት። ቃዲሪያው ግን ጠሪቃ ቢደራርብ ከልካይ የለውም። «ሱፊ» ብለን አንድ ከረጢት ውስጥ የከተትናቸው እንግዲህ እንዲህ የሚለያዩ ሰዎች ናቸው።

ቲጃኒያ በጅማ ምድር የተስፋፋው በተለይ በአል ፈቂ አህመድ ኡመር ነው። ከቦርኖ፣ ከዛሬዋ ናይጄሪያ በኩል ተነስተው በሱዳን አድርገው ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ የመጡ ሸህ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1953 አርፈው ወለጋ፣ ያአ ተቀበሩ። የጅማ ሰው ለዚያራ ያን ሁሉ መንገድ ሲሄድ ኖሯል። (ስለ ሱፊ ካነሳን አይቀር፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሌሊት ለዚክር ለመንቃት ቡና ይጠጡ የነበሩት የየመን ሱፊዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1511 መካ ላይ ቡና ይከልከል ተብሎም ነበር። የጎማና የሊሙ ቡና ነጋዴ፣ ሰለፊም ይሁን ጴንጤ፣ ለሱፊዎች ውለታ አለበት።)

ሰለፊው ያአ መሄድን ሲሰማ ያመዋል። («ወሃቢያ» መባልን አይወድም፤ እ.ኤ.አ. በ1792 የሞቱትን ሙሐመድ ኢብን አብዱልወሃብን ይዘው ባላንጣዎቻችን ያወጡልን ስም ነው ይላል።) ክርክሩ ቀጥተኛ ነው። ዱዓ ኢባዳ ነው፤ ኢባዳ ለአላህ ብቻ ነው፤ የሞተን ሰው «ድረስልኝ» ማለት ሽርክ ነው። መውሊድም ነቢዩም ሶሐቦችም ያላከበሩት ቢድዓ ነው። አላህ የት ነው ብትሉት፣ ከዐርሽ በላይ፣ ለእርሱ በሚገባው ሁኔታ ይላችኋል። በአሽዐሪያ ዐቂዳ የተማረው ሸህ ግን አላህ ያለ ቦታ አለ ብሎ ይመልሳል። ለእናንተ ፀጉር ስንጠቃ ይመስል ይሆናል፤ ለእነርሱ የማንን ጌታ ነው የማመልከው የሚል ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ «ሰላማዊውና ክፉው» እንምጣ። በ1880 ዓ.ም ጎንደርን ያቃጠለው፣ በ1881 መተማ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጋር የተዋጋው ማን ነበር? ድርቡሽ። ድርቡሽ ማለት ደርዊሽ ነው፣ የሱፊ ቃል! የእንቅስቃሴው መሥራች ማህዲው ራሱ የተኮተኮተው በሰማኒያ ጠሪቃ ውስጥ ነበር (በኋላ ጠሪቃዎችን ሁሉ ቢያግድም)። ምዕራብ አፍሪካ ላይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ጂሃድ የመሩት ሐጅ ኡመር ታልም ቲጃኒ ነበሩ። ይህን የማነሳው ሱፊን ለመክሰስ አይደለም። ሰላም በጠሪቃ ስም አይታደልም ለማለት ነው።

ይህን ያልተረዳው መንግሥት በ2003 ክረምት ምን አደረገ? ከሊባኖስ መምህራን መጡ፣ መጅሊሱ ሥልጠና ዘረጋ፣ አህባሽ የሚባለው አስተምህሮ «ለዘብተኛ» ተብሎ ቀረበ። የአህባሽ መሪ ሸህ አብደላህ አል ሐረሪ የኛው የሐረር ሰው ናቸው፤ ቤይሩት ሄደው ስመ ገናና ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 አረፉ። ዐቂዳቸው አሽዐሪያ፣ መንገዳቸው ሱፊ። ግን አህባሾች ሰለፊዎች እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚያዩትን ኢብን ተይሚያን ከእስልምና ያስወጣሉ። ተክፊርን ለማጥፋት ተክፊር ከውጭ ማስመጣት! በጥር 2004 ከአወሊያ የተነሳው ተቃውሞ «ድምፃችን ይሰማ» ሆነ። የሱፊ ልጅም የሰለፊ ልጅም ወጣ። በሐምሌ መሪዎቹ ታሰሩ፤ በ2007 ክረምት ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው።

«ታዲያ አሰንዳቦስ?» የሚለኝ አለ። ልክ ነው። በየካቲት 2003 አሰንዳቦና አካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። በ1999 መስከረምም በአጋሮ በኩል የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ይህን ማድበስበስ አልፈልግም፤ ያደረገው ሰው በስሙና በሥራው መጠየቅ ነበረበት። የተሰጠን መልስ ግን «ከዋርጃ» የሚል ቃል ነው። ኸዋሪጆች እ.ኤ.አ. በ657 ከሲፊን ጦርነት በኋላ ከኸሊፋ ዐሊይ የተገነጠሉ፣ ኃጢአት የሠራውን ሙስሊም ካፊር ነው ያሉ ሰዎች ናቸው። የሰለፊ ኪታብ እነርሱን ሲያወግዝ ነው የሚውለው። እኛ ግን ከዋርጃ፣ ወሃቢያ፣ ሰለፊ፣ አልቃኢዳ እያልን አንድ ወጥ ውስጥ ጨመርነው። እውነተኛውን ወንጀለኛ ለመደበቅ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም፤ ሠፈሩ ሁሉ ተጠርጣሪ ሲሆን ጥፋተኛው ሰው መሀል ይጠፋል።

ሰለፊዎችንም አላልፋቸውም። «ይህ ድርጊት ሽርክ ነው» እና «ይህች አሮጊት ሙሽሪክ ናት» በሚሉት መካከል ሰፊ ልዩነት እንዳለ ዑለሞቻቸው ያስተምራሉ፤ ድርጊቱ ሌላ፣ ሰውየው ሌላ። ሁለት ሲዲ አዳምጦ ይህን ደረጃ የሚዘልል ወጣት አለ። ቡና አፍልታ ለአል ፈቂ ዱዓ የምታደርገዋን አያቱን በአንድ ቃል ከእምነት አስወጥቶ ያድራል። ኪታብ ከፍቶ መከራከር ሲያቅተው ጎረቤቱን ለቀበሌ «ወሃቢያ» ብሎ የሚጠቁመው ሱፊም የዚሁ ወንድም ነው።

ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም የሁለቱም ወገን ዑለሞች አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠው፣ በሙፍቲ ሐጅ ዑመር ኢድሪስ የሚመራ ጊዜያዊ መጅሊስ አቋቋሙ። የተስማሙት በአንድ ተቋም ሥር አብሮ ለመሥራት ነው። ተወሱል ይፈቀዳል አይፈቀድም፣ መውሊድ ይከበር አይከበር የሚለው እዚያው ነው ያለው፤ ወጣቱ ዛሬም ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ይከራከርበታል። ይከራከር። ቀበሌው መታወቂያ ያድስ።