ለሁለት የሚነበቡ አጫጭር ታሪኮች



ባለፈው ክረምት ሰበታ ባለው ቤታችን እኔና ባለቤቴ ለሁለት ሳምንት ያህል ተኮራርፈን ነበር። ምክንያቱ መሬት ነው። ለልጆቻችን ትምህርት ባጠራቀምነው ገንዘብ ሱሉልታ ላይ ሁለተኛ ቦታ እንግዛ አልኩ፤ እርሷ "ያለን ይበቃናል" አለች። ጸሎታችን እንኳ ለየብቻ ሆነ። አንድ ማታ መብራት ጠፋና ሻማ ለኩሳ አንድ አጭር ታሪክ አነበበችልኝ።

ታሪኩ ሩሲያዊው ሊዮ ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1886 የጻፈው "ለሰው ምን ያህል መሬት ይበቃዋል?" ነው። ፓሆም የተባለ ገበሬ፣ በአንድ ቀን በእግሩ ዞሮ የከለለው መሬት ሁሉ በ1,000 ሩብል የእርሱ ይሆናል ይባላል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን ከተነሣበት መመለስ አለበት። መጨረሻውን አልነግራችሁም። እኔ ግን አንብባ ስትጨርስ የምመልሰው አጣሁ። ነቢዩ ናታንም ዳዊትን የገሠጸው በአጭር ታሪክ ነበር። ንጉሡ በባለጠጋው ላይ ከፈረደ በኋላ ነው ያ ሰው ራሱ መሆኑ የተነገረው።

ሁለት ልጨምርላችሁ። አሜሪካዊው ኦ. ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጣው "የሰብአ ሰገል ስጦታ" በገና ዋዜማ 1 ዶላር ከ87 ሳንቲም ብቻ በእጇ ስለቀረ ወጣት ሚስትና ስለ ባሏ ነው። በቤት ኪራይና በወር ደመወዝ መካከል ለተጨነቃችሁ አዲስ ሙሽሮች ይሁንልኝ።

ሦስተኛው የእኛው ነው፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ያሳተሙት "የልብ አሳብ፤ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ"። ስለ ጋብቻና ያለ ዕድሜ ስለ መዳር በታሪክ መልክ ያስተምራል። ከመጻሕፍት መደብር ብታጡት ወመዘክር ጠይቁ። ቋንቋው የቆየ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ከወላጆቻችሁ ጋር ብታነቡት ደግሞ የእነርሱን የጋብቻ ታሪክ ለመጠየቅ በር ይከፍትላችኋል።

ታዲያ እንዴት እናንብብ? ቴሌቪዥኑን አጥፉ፤ አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይስማ። የውጭዎቹን በአማርኛ ካላገኛችሁ እንግሊዝኛ የሚያነበው ለሌላው ይተርክለት። ስትጨርሱ "ይኸው፣ አንተን ነው!" አትባባሉ። "አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ባለቤቴ ያን ማታ የጠየቀችኝ ይህን ብቻ ነበር።

ቦታውን አልገዛነውም። እውነቱን ለመናገር፣ በሱሉልታ በኩል ሳልፍ ዐይኔ አሁንም ወደዚያ ይሄዳል። የልጆቹ ገንዘብ ግን በቦታው አለ፤ ጸሎታችንም እንደገና አብረን ሆኗል።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ!